የነገውን ሐኪም ዛሬ መቁጠር

ዘንድሮ ሕክምና መማር የጀመረ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ እስኪመረቅ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ስፔሻሊስት ልሁን ካለ ደግሞ ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ይጨምራል። እናም ዛሬ ስንት ተማሪ እንቀበል ብሎ የሚወስን ሰው፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚታመም፣ በምንስ እንደሚታመም አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ኢትዮጵያ ስሌቱን ደጋግማ ሞክራዋለች። በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ላልደረሰበት ገጠር የጤና መኮንኖችን አሠለጠነ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተከፈተ። ተመራቂው በዛ።

የተመረቀው ሁሉ ግን ሥራ አላገኘም። ቀድሞ አዲስ ሐኪም ዕጣ አውጥቶ ይመደብ ነበር፤ አሁን የሙያ ፈቃዱን ይዞ የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠብቅ አለ። በዚያው ጊዜ ወላድ በቃሬዛ ረጅም መንገድ የምትጓዝበት ወረዳ አለ። ይህ የሆነው ሕዝቡ የሚያስፈልገው ሐኪምና በጀት የሚቀጥረው ሐኪም አንድ ስላልሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን በአብዛኛው የሚደጉመው ፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ሐኪሙን በብዛት የሚቀጥሩት ክልሎች ናቸው። አንዱ ሲያሠለጥን ሌላው የደመወዝ በጀት ካልያዘ፣ ስሌቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሕዝቡም ባለበት አልቆመም። አንዲት እናት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ አማካይ በ1992 ዓ.ም. 5.5 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 4.6 ወረደ። በዚያው ዓመት የገጠሩ 5.2፣ የከተማው 2.3 ነበር። በአገር አቀፍ አማካይ ብቻ የሚያቅድ ሁለቱንም ይስታል፦ ገጠሩ የእናቶችና የሕፃናት ሐኪም ሲሻ፣ ከተማው የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የካንሰር ሕሙማን እየበዙበት ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ቆጠራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ያለው የሕዝብ ቆጠራ በመጨረሻ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን የሚችል ወጣት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕዝቡ ይቆጠር። ከዚያም የተማሪው ቅበላ፣ የሥራ መደቡና የደመወዝ በጀቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይታቀዱ። ታማሚው ደጅ ላይ ሐኪሙ ቤት ውስጥ የሚውሉበት አገር፣ ሐኪም አፍርቻለሁ ሊል አይችልም።