ከሩቅ ደንበኛ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር የሚዘጋጅ ክፍል

ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ለአስመጪውም ለላኪውም የዘወትር ሥራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ለዚሁ ጉዳይ ክፍል የሚያዘጋጅ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ለትልቅ ቴሌቪዥንና ለውድ ካሜራ ነው፤ ድምፁ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። መቅደም የሚገባው ግን ድምፁ ነው። ምስል ቢደበዝዝ ደንበኛው ይታገሣል፤ ዋጋው በደንብ ካልተሰማው ግን ያልተባለውን እንደ ተባለ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ 15 ለማለት «ፊፍቲን»፣ 50 ለማለት «ፊፍቲ» ይባላልና፣ የቃሉ መጨረሻ በማስተጋባት ከጠፋ የሚደርሰው ኪሣራ ለነጋዴ የተሠወረ አይደለም።

የሚያስተጋባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያማረው ክፍል ነው፤ ይኸውም ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ መስተዋት የሆነው ነው። ምንጣፍ ቢነጠፍበትና ወፍራም መጋረጃ ቢሰቀልበት ድምፁ ይረጋል። ማይክሮፎኑም ከተናጋሪዎቹ ፊት በጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ለብቻው ክፍል ለመለየት የማይችል ባለሱቅም አይዘን፤ ጆንያ የተደረደረበት የመጋዘን ጥግ ከብዙ አዳራሽ ይልቅ ለንግግር ይስማማል።

መስኮት ከተናጋሪው ጀርባ ከሆነ ፊቱ ይጨልማልና ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይምጣ። አምፖሉ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ቢሆን ይመረጣል፤ በነጭነቱ የሚፈለገው የሑመራ ሰሊጥ በቢጫ መብራት ሥር መልኩ ተለውጦ ይታያል። በካሜራ ማሳየት ግን ናሙና መላክን አያስቀርም።

መስመሩ በዋይፋይ ከሚሆን በገመድ ቢሆን ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ኮምፒዩተሩን ብቻ በዩፒኤስ መያዝ አይበቃም፤ ራውተሩም አብሮ ካልተሰካ ንግግሩ ይቋረጣል።

በግድግዳው ላይ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በደንበኛው አገር አቆጣጠር የተሞላ ሁለት ሰዓት ቢሰቀል ትርፍ ነገር አይደለም። እኛ ከጧቱ 4 ሰዓት የምንለውን ፈረንጆች 10 ሰዓት ይሉታል፤ በዚያችው ደቂቃ ሐምቡርግ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 9 ሰዓት ነው። «በ4 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ ስንቱን ደንበኛ አስቀርቷል!

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን አንድ ሠራተኛ ከሌላ ሥፍራ ደውሎ ሃያ ያህል ዋጋዎችን በእንግሊዝኛ ያንብብ፤ በክፍሉ ያለው ጸሐፊም የሰማውን ይጻፍ፤ ከዚያም ተለዋውጠው ጸሐፊው ያንብብ። ሁለቱ ወረቀቶች ከተነበበው ጋር የማይስማሙ ከሆነ ክፍሉ ገና አልተዘጋጀም።