ፖድካስት ፊድ ከተራው አርኤስኤስ በምን ይለያል?



ብዙዎቻችን የተቀዳ ደርስ የምናገኘው ከጓደኛ በሚሞሪ ካርድ ገልብጠን ወይም በፖድካስት መተግበሪያ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የዶርም ወንድማችን የወሩ ኢንተርኔት ፓኬጅ በአንድ ሌሊት አለቀበት። ስልኩ ከዚህ በፊት የሰማቸውን ደርሶች በሙሉ እንደገና ሲያወርድ አድሮ ነበር። ለምን?

አርኤስኤስ ፊድ አንድ ድረ ገጽ ያወጣቸውን አዳዲስ ነገሮች የሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይል ነው። ለእያንዳንዱ ርዕስ፣ አድራሻ፣ ቀንና አጭር መግለጫ ይይዛል። መተግበሪያው በየጊዜው እየከፈተው አዲስ ነገር መኖሩን ያያል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ፓኬጅ ብዙም አይነካም።

ፖድካስት ፊድም ያው አርኤስኤስ ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ክፍል ላይ «ኢንክሎዠር» የሚባል መስመር ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴቭ ዋይነር ባወጣው አርኤስኤስ 0.92 የገባው ይህ መስመር ሦስት ነገር ይናገራል፦ የድምፅ ፋይሉን አድራሻ፣ መጠኑን በባይት፣ ዓይነቱን (ለምሳሌ ኤምፒ3)። አፕል በ2005 ፖድካስትን ወደ አይቲዩንስ ሲያስገባ ደግሞ የሽፋን ሥዕል፣ የአዘጋጁ ስምና የክፍሉ ርዝመት የሚጻፍባቸውን መስመሮች ጨመረ።

እንደ ዶይቸ ቬለ አማርኛ ያለ ጣቢያ ዜናውን በጽሑፍም በድምፅም ያወጣል። የጽሑፉን ፊድ የተከተለ ርዕሱን አይቶ የፈለገውን ይከፍታል። በድምፅ ፊድ ግን መተግበሪያው «በራስህ አውርድ» ተብሎ ከሆነ ሳይጠይቀን ፋይሉን ራሱን ይጎትታል። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ደርስ 58 ሜጋባይት ገደማ ነው።

ወንድማችንን የጎዳው ግን ሌላ መስመር ነው። እያንዳንዱ ክፍል «ጂዩአይዲ» የሚባል መለያ አለው፤ መተግበሪያው የቱን እንዳወረደ የሚያውቀው በእሱ ነው። አዘጋጆቹ ሰርቨር ሲቀይሩ መለያዎቹም ተቀየሩ። ስልኩም የድሮውን ሁሉ አዲስ መስሎት አወረደው። በዜና ፊድ ይህ ቢሆን የቆዩ ርዕሶች ዳግም ከመታየት አያልፍም ነበር።

ስለዚህ የምንሰማ ሰዎች ሴቲንግ ገብተን ማውረዱን «በዋይፋይ ብቻ» እናድርገው፤ የሚቀመጡትን ክፍሎች ብዛትም እንወስን። ጋምቤላ ላይ ሆነን የጀመዓችንን ደርስ በፖድካስት ለማውጣት የምናስብ ደግሞ ንግግር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሞኖ እንደሚበቃው እንወቅ፤ ሰዓቱ ወደ 29 ሜጋባይት ይወርዳል። አንዴ የሰጠነውን መለያ ደግሞ ፈጽሞ አንቀይር። የምንልከው ፋይል የሚወርደው በተማሪ ገንዘብ ነው፤ እሱም አማና ነው።