ሲኒማ ቤት ተመልካቹን እንዴት ይጠራል?

አንድ ሲኒማ ቤት ከፊልሙ ውጭ ትርኢት፣ ስጦታ፣ ዕጣ ወይም ውድድር አዘጋጅቶ ሰው ሲጠራ ዓላማው አንድ ነው፤ የከተማው ሰው ስለዚያ ምሽት እንዲያወራ ማድረግ። ፖስተር አላፊ አግዳሚው አይቶት ያልፋል። ገበያ ውስጥ፣ ቡና ላይና ታክሲ ውስጥ የሚወራ ነገር ግን ቤት ድረስ ይገባል።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባም ከወሬ ጋር ነው የገባው። የተንቀሳቃሽ ምስል ማሳያ መሣሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደርሶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተበረከተ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ከተከፈቱት ቀደምት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ደግሞ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ሰው የሚያወራለት ቤት አይረሳም፤ ስለ ቤቱ የሚወራው ክፉ ከሆነ ግን ብዙው ሰው ከደጁ ይመለሳል።

በሌላው ዓለም ወሬውን ሆን ብሎ መፍጠር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አሜሪካዊው የፊልም ሰው ዊሊያም ካስል በ1958 እ.ኤ.አ. «ማካብር» የተባለውን ፊልሙን ሲያሳይ፣ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች 1,000 ዶላር የሚከፍል የሕይወት መድን ገባ። በቀጣዩ ዓመት ለ«ዘ ቲንግለር» አንዳንድ ወንበሮች ሥር የሚንቀጠቀጡ ሞተሮችን አስገጠመ። ቀደም ብሎ፣ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሰውን በዕጣና በሳህን ይጠሩ ነበር። በዕጣው ምሽት ስሙ የተጠራ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልቀረበ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደመራል። በሳህኑ ምሽት ደግሞ ትኬት የቆረጠ ሁሉ አንድ ሳህን ይወስዳል፤ ሙሉ የገበታ ዕቃ የፈለገች እናት በየሳምንቱ መመለስ አለባት። የካስል ዘዴ ሰውን አንድ ምሽት ያመጣል፤ የሳህኑ ግን ያስለምዳል።

በኢትዮጵያ የክልል ከተሞች የሲኒማን ሥራ ለረጅም ጊዜ የሠሩት ቪዲዮ ቤቶች ናቸው፤ ማስታወቂያቸውም ርካሽና ቀጥተኛ ነው። በር ላይ በተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የፊልሙ ስም፣ «ሕንድ» ወይም «አክሽን» የሚል ቃልና ሰዓቱ በጠመኔ ይጻፋል። ከመጋረጃው ጀርባ የተኩስና የዘፈን ድምፅ በስፒከር ወደ መንገድ ይለቀቃል። ቅዳሜና እሑድ ሰሌዳው ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ይጻፍና አግዳሚ ወንበሩ ይጠባል። በአዲስ አበባ ደግሞ የአማርኛ ፊልሞች ሲበዙ የምርቃት ምሽት ተለመደ። ተዋንያን በቀይ ምንጣፍ ያልፋሉ፣ ከተመልካች ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ በማግሥቱ ፎቶው በየስልኩ ይዞራል።

እነዚህን ዘዴዎች ወላይታ ሶዶ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ከከተማዋ ኑሮ መነሳት አለበት። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲዋ ብዙ ወጣት ሰብስቧል። ሰፊ ጉባኤና ዝግጅት ለማካሄድም ጉታራ አዳራሽ አለ። ለተማሪ የሚስማማው በሥራ ቀን የሚሰጥ የመታወቂያ ቅናሽ ነው። ከቦዲቲና ከአረካ የሚመጣ ተመልካች ግን ወደ ቤቱ የሚመለስበት መኪና ስለሚያሳስበው፣ ለእሱ የሚሻለው የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ሶዶ ላይ ብርቱ ተቃውሞ አስነስቶ ቀርቷል። ቋንቋውን እንዲህ ለሚወድ ሕዝብ በድምፅ ማጉያ መኪና የሚነገር ጥሪ በወላይትኛ ሲሆን ጆሮ ያገኛል። ፊልሙ አማርኛ ቢሆን እንኳ ጥሪው፣ የመድረክ አስተዋዋቂውና ከፊልሙ በፊት የሚቀርበው ሙዚቃ የአካባቢው መሆን ይችላል።

ሦስተኛው የበዓልና የስፖርት ወቅት ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ መስከረም አጋማሽ ገደማ በሚውል እሑድ ይከበራል። ለዚህ በዓል ወንዶች ለእርድ በሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ወራት ቀድመው በቡድን ይቆጥባሉ። ሲኒማ ቤቱ ይህንኑ ልማድ ሊከተል ይችላል፤ ቤተሰብ በየወሩ ጥቂት ብር እየከፈለ ካርዱ ላይ ማኅተም ያስመታል፣ በጊፋታ ሳምንት ከነልጆቹ ገብቶ ያያል። የአሜሪካው ሳህን ያደረገውን እዚህ ቁጠባው ያደርገዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣው የእግር ኳስ ክለብ ወላይታ ድቻም ደጋፊው ብዙ ነው፤ የክለቡን ማሊያ ለብሶ ለሚመጣ የሚደረግ ቅናሽ ወጪው ትንሽ፣ ወሬው ግን ትልቅ ነው።

ከዘዴዎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ኃላፊነትም አለ። ቶምቦላ ሎተሪን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አይወጣም። የማይመጣን ተዋናይ ስም ፖስተር ላይ መጻፍ ተመልካችን መዋሸት ነው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ጎረቤቱንም ይዞ ይቀራል። ድምፅ ማጉያው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ቤተ እምነት አጠገብ መዘጋት አለበት። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተርም ከስጦታው በፊት ሊታሰብ ይገባል።

ውጤቱ የሚታወቀው በትኬት ጉርድ ነው። የዝግጅቱ ምሽት ጉርድ፣ ዝግጅት ካልነበረበት ከቀጣዩ ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ጉርድ ጋር ይነጻጸራል። በሁለተኛው ሳምንት ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሰውን ያመጣው ስጦታው ብቻ ነበር ማለት ነው። ከወትሮው የበለጠ ሰው ከገባ ግን የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ያየውን ወድዶ ለሌላው ነግሯል፤ የተፈለገውም ወሬ ይህ ነው።