ስለ ላፕቶፕ አያያዝና ስለ ባትሪው አደጋ

ሰው ለቤቱ ዕቃ በገዛ ጊዜ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አመሉንም ማወቅ ይገባዋል። ፈረስ የሚጋልብ ሰው የፈረሱን አመል አጥንቶ ይቀመጥበታል፤ ላፕቶፕ የሚባለውን ኮምፒዩተር ግን ብዙ ሰው አመሉን ሳይመረምር ይይዘዋል። የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ፥ የልጆች ትምህርትና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በዚሁ በአንዱ መሣሪያ ውስጥ ስለሚጠራቀም፥ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የባትሪው ነገር ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል፤ ለገበያ የዋለውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ነው። መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በትንሽ ስፍራ ብዙ ኃይል መያዙ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ በቀላሉ የሚነድ ስለ ሆነ፥ ባትሪው ቢወጋ፥ ቢጨፈለቅ ወይም ከመጠን በላይ ቢሞቅ፥ ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ እስከ መቃጠል ይደርሳል።

በ2006 ዓ.ም. ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ምክንያት 4.1 ሚሊዮን የሚያህሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች እንዲመለሱለት ለገዢዎቹ አስታውቆ ነበር። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጓዝ በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል። በአውሮፕላን ይህን ያህል የሚጠነቀቁለት ነገር፥ ሕፃናት በሚተኙበት ቤት እንዴት ችላ ይባላል?

ስለዚህ ላፕቶፕን በአልጋ፥ በብርድ ልብስ ወይም በትራስ ላይ አኑሮ፥ ቻርጀሩንም ሰክቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ልብሱ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ስፍራው ጠንካራና የተስተካከለ ጠረጴዛ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶሞቢል ውስጥም ትቶ መሄድ ባትሪውን ይጎዳዋል።

ባትሪው ያበጠ እንደ ሆነ ምልክቱ ግልጥ ነው፤ ክዳኑ አልገጥም ይላል፤ ጣት የሚዳሰስበት ሰሌዳ ከስፍራው ከፍ ይላል። ይህ በታየ ጊዜ መሣሪያውን ማጥፋት፥ ቻርጀሩን መንቀልና ወደ ዐዋቂ ጠጋኝ መውሰድ ነው እንጂ፥ እብጠቱን መጫን ወይም መውጋት፥ ባትሪውንም ከቆሻሻ ጋራ መጣል ትልቅ አደጋ ያመጣል።

ስለ ኤሌክትሪኩም እናስታውስ። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በላከው ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፥ የሶኬት ማገናኛ ብቻ ይበቃዋል፤ 220 ቮልት የማይችል ከሆነ ግን መሰካት አይገባም። መብራት በጠፋ ጊዜ ቻርጀሩን ነቅሎ፥ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ መቈየት መልካም ነው። ሽቦው የተላጠ ቻርጀር በፕላስተር ተጠቅልሎ ሊሠራበት አይገባም።

የቀረውን በአጭሩ እንጽፋለን።

1ኛ፤ ላፕቶፕ ሲነሣ ከሥሩ በሁለት እጅ ይያዝ እንጂ በስክሪኑ አይንጠልጠል።

2ኛ፤ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት እስክሪብቶ በቁልፎቹ ላይ አለመቅረቱ ይታይ፤ ስክሪኑን ይሰብራልና።

3ኛ፤ ቡና ወይም ሻይ ከአጠገቡ ይራቅ። የፈሰሰበት እንደ ሆነ ወዲያው ይጥፋ፥ ቻርጀሩም ይነቀል፥ ፈሳሹ እንዲወርድ ይደፋ፤ ጠጋኝ ሳያየውም ዳግመኛ አይከፈት።

4ኛ፤ ስክሪኑ ጥቂት እርጥበት ባለው ለስላሳ ጨርቅ ይወልወል፤ ውሃ ግን በላዩ አይረጭ።

በመጨረሻም፥ በጥንቃቄ የተያዘ ዕቃ እንኳ አንድ ቀን መበላሸቱ ወይም መሰረቁ አይቀርምና፥ የጽሑፉና የፎቶግራፉ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ማኅደር ተገልብጦ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል፤ የሟች አባት ፎቶግራፍ ግን ቅጂ ከሌለው ተመልሶ አይገኝም።