ሙዚቃዊ ተውኔት በኢትዮጵያ

ሙዚቃዊ ተውኔት ታሪኩን በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈን፣ በመሣሪያ ሙዚቃና በውዝዋዜ ጭምር የሚተርክ የመድረክ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዘፈንና ተውኔት ለረጅም ጊዜ በአንድ መድረክ ላይ አብረው ኖረዋል። ዘፈኑ ራሱ ታሪኩን የሚያራምድበት ሙሉ ሥራ ግን ጥቂት ነው። አዲስ ነገር መስማት የሚፈልግ ተመልካች ከቲያትር ቤት በተጨማሪ ወደ አዝማሪ ቤት፣ ወደ ግጥም ምሽትና ወደ በዓል ሜዳ መሄድ ይኖርበታል። ይህ መጣጥፍ በተለይ ስለ እነዚህ ቦታዎች ያብራራል።

ዘፈን ያለበት ተውኔትና ሙዚቃዊ ተውኔት

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። በተውኔት መካከል ሠርግ ቢኖርና ተዋንያኑ የሠርግ ዘፈን ቢዘፍኑ፣ ዘፈኑ ቢወጣ ታሪኩ አይጎድልም። በሙዚቃዊ ተውኔት ግን ገጸ ባሕርይው ዘፈኑን ሲጀምርና ሲጨርስ አንድ ሰው አይደለም፤ በመካከሉ ወስኗል፣ ተታሏል ወይም ምስጢር አውጥቷል። ስለዚህ አንድ ያልተለመደ ዘፈን በምሽት ዝግጅት ላይ የሰማ ሰው «ይህን የሚዘፍነው ማን ነው? ለማን ነው የሚዘፍነው? ከዚህ በኋላስ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅና መልስ ቢያገኝ፣ የሰማው የአንድ ተውኔት ቁራጭ ሊሆን ይችላል።

አጀማመር

የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተረት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የታየውም በቲያትር ቤት ሳይሆን በሆቴል አዳራሽ ነበር። ዘፈንን ወደ ተውኔት በሰፊው ያስገባው ግን ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ ጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለደና በቅኔ ትምህርት ያደገ ሰው ሲሆን፣ አዲስ አበባ መጥቶ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ሆነ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ቃልና ዜማን ለይቶ አይማርም፤ ተውኔቶቹ በዜማ የተሞሉት በዚህ ምክንያት ይመስላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰዶ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። «አፋጀሽኝ» የተሰኘው ሥራው በስም ከሚታወቁት አንዱ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነሣሣት የታሰበ ነበር። በኋላ ሀገር ፍቅር ቲያትር ሆኖ ዘፈን፣ ውዝዋዜና ተውኔት በአንድ ዝግጅት ማቅረቡን ቀጠለ። ጥላሁን ገሠሠ ከሕዝብ ጋር የተዋወቀው በዚህ መድረክ ነው፤ አስቴር አወቀም በዚያው መድረክ ላይ ዘፍናለች። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ተከፈተ። የቲያትሩን ሙዚቃ ለብዙ ዓመታት የመራው ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓና በአሜሪካ የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» በሙዚቃና በውዝዋዜ የተሠራ ትልቅ ትርዒት ነበር፤ ነገር ግን አንድ ታሪክ የሚተርክ ተውኔት አይደለም።

አንድ ሥራ ወደ መድረክ የሚደርስበት መንገድ

በቲያትር ቤት ድርሰቱ መጀመሪያ በጽሑፍ ይገመገማል፤ ከዚያ ልምምድ፣ ከልምምድ በኋላ የመድረክ ግምገማ፣ በመጨረሻ ምረቃ ይመጣል። ከተመረቀ በኋላ በሳምንት በአንድ የታወቀ ቀን ለወራት ይታያል። ይህ አሠራር ለንግግር ተውኔት ይመቻል። ለሙዚቃዊ ተውኔት ግን አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የሚገመገመው ግጥሙ እንጂ ዜማው አይደለም። ዜማን ለመመዘን መሰማት አለበት፤ ለማሰማት ደግሞ ዘፋኝ፣ መሣሪያ ተጫዋችና ገንዘብ ያስፈልጋል። በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት የሚሞሉት የሙከራ ትዕይንቶችና የካባሬ ምሽቶች ናቸው። ካባሬ ተመልካቹ በጠረጴዛ ዙሪያ እየጠጣ ዘፈን፣ ግጥምና ቀልድ የሚሰማበት ትንሽ መድረክ ነው፤ የፓሪሱ «ሻ ኗር» እ.ኤ.አ. በ1881 ተከፍቷል። «ሃሚልተን» የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔት የመጀመሪያ ዘፈኑ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2009 ዋይት ሐውስ በተዘጋጀ የግጥምና የሙዚቃ ምሽት ላይ ነው፤ ደራሲው ሊን ማኑኤል ሚራንዳ በአንድ ፒያኖ ብቻ ታጅቦ ነበር ያቀረበው። ሙሉው ሥራ መድረክ ላይ የወጣው በ2015 ነው። «ሲክስ» የተባለውን ደግሞ ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ2017 በኤድንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ታየ።

አዝማሪ ቤት

የኢትዮጵያ ካባሬ አዝማሪ ቤት ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ከፍ ያለ መድረክ የለም፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በመቀመጫዎች መካከል ይዘዋወራል፣ እንግዳውን አይቶ ስለ ልብሱ፣ ስለ አመጣጡ፣ አብራው ስለተቀመጠችው ሴት እዚያው ይገጥማል። እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ወንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ ሴቷ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች፤ ሁለቱ በግጥም ሲወራረፉ ትንሽ ተውኔት ይወጣዋል። ሽልማቱ ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ስለሆነ ያልተወደደ ስንኝ ወዲያው ይታወቃል። ከዚህ የፈጠነ ግምገማ ያለው ኮሚቴ አይገኝም።

በአዲስ አበባ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የካዛንቺሱ ፈንዲቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተረክቦት ከአዝማሪ በተጨማሪ ጃዝ፣ ግጥምና የሥዕል ዐውደ ርእይ የሚታይበት የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ነባር ቦታውን ለቅቋል። አዝማሪ ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳው ብቻ አይደለም። ደንበኛው፣ የሰፈሩ ወሬና አዝማሪው የሚገጥምበት ጉዳይ ሁሉ አብረው ይበተናሉ፤ በሌላ አዳራሽ ያው ሰው ሲዘፍን ስለማን እንደሚገጥም እንደገና መማር አለበት።

ግጥም በጃዝ

ጦቢያ ግጥም በጃዝ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል በየወሩ ሲካሄድ የቆየ ምሽት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ገጣሚና ሠዓሊ ምሕረት ከበደ ናት። ገጣሚው ሲያነብ ባንዱ ከኋላው ይጫወታል፤ ከግጥሙ በተጨማሪ ወግ፣ ዲስኩርና አጭር ተውኔት ይቀርባል። ለሙዚቃዊ ተውኔት ጠቃሚ የሚያደርገው ሙዚቀኛውና ቃል አቅራቢው እርስ በርስ መጠባበቅን በሕዝብ ፊት መለማመዳቸው ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን የሚናገርበት የ10 ደቂቃ ክፍል እዚህ ከተሰማና አዳራሹ ዝም ብሎ ካዳመጠው፣ ደራሲው ቀሪውን ለመጻፍ ምክንያት አለው።

በአዊ

ዮፍታሔ የተወለደበት ጎጃም ውስጥ የሚገኘው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ እንጅባራ (ቆሰበር) ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚህ አካባቢ ትልቁ የአደባባይ ትርዒት ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን የዐድዋ ጦርነት ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል። በዓሉ ተውኔት አይደለም፤ ድርሰትም አዘጋጅም የለውም። ይሁን እንጂ ያጌጠ ፈረስ፣ ጉግስ፣ ፉከራ፣ በአማርኛና በአውኚ የሚዜም ዘፈን፣ ዳር ቆሞ የሚመልስ ሕዝብ አለው። ከአንድ መንደር የወጣ ፈረሰኛ ታሪክ በአውኚ ዘፈን ቢተረክ ምን ይመስላል ብሎ የሚያስብ ወጣት ደራሲ የመጀመሪያውን ስሜት እዚህ ሜዳ ላይ ያገኘዋል። አውኚ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚሰጥና በሚዲያም የሚሰማ ቋንቋ ስለሆነ የሚረዳው ተመልካች አለ።

ቀረጻ

በእነዚህ ምሽቶች የሚሰማው አብዛኛው ነገር ወረቀት ላይ አይሰፍርም። አሁን ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል፤ ችግሩ ቀረጻው ስም፣ ቀንና ቦታ ሳይኖረው በቴሌግራም ይዘዋወርና ከወር በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ይህ ለደራሲው ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ ሥራው ባለቤት አልባ ይሆናል፣ ያላለቀ ስንኙም እንዳለቀ ተቆጥሮ ይተቻል። የሚቀርጽ ሰው አስቀድሞ አቅራቢውን ማስፈቀድ አለበት። ከዚያ በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአቅራቢውን ስምና የሥራውን ርእስ ቢጽፍ፣ ዜማው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት መሆኑን ካወቀም ቢያክልበት፣ ሥራው ከዓመታት በኋላ መድረክ ላይ ሲወጣ ምን እንደተለወጠ ማነጻጸር ይቻላል።