ባትሪ የሌለው የከብት ጆሮ ምልክትና የገንዲ መድኃኒት መዝገብ

በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ በባምባሲም በኩርሙክም ቢሆን፣ ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ የቆላ ዝንብ የምታመጣውን የገንዲ በሽታ ያውቃል። ከብቱ ትኩሳቱ እየተመላለሰበት፣ ደሙ እያነሰ፣ ሥጋው እየከሳ ይሄዳል። በብዛት የሚወጋበትም መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ ይኸውም ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም ነው። በዚሁ ክልል በመተከል የተደረገው ጥናት በ2000 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ሲታተም፣ ሁለቱን መድኃኒቶች የተቋቋመ የገንዲ ተሕዋስ በመንደር ከብቶች ውስጥ መገኘቱ ታውቋል። እንግዲህ የትኛው በሬ፣ መቼ፣ በየትኛው መድኃኒት እንደ ተወጋ መዝግቦ መያዝ የግድ ነው።

ባለ ከብቱ ዳለቻውን ከዳለቻው በዓይኑ ይለያል፤ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሐኪም ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። በጋለ ብረት መተኮስም ቆዳውን ከማበላሸቱ በላይ ባለቤቱን እንጂ ከብቱን ለይቶ አያመለክትም። ስለዚህ በብዙ አገሮች በራዲዮ የሚነበብ የጆሮ ምልክት ተይዟል።

ይህ ምልክት ባትሪ የለውም። በውስጡ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦና እጅግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ፍንካች አለው፤ ማንበቢያው መሣሪያ የራዲዮ ኃይል ሲልክበት ከዚያው ኃይል ነቅቶ ቁጥሩን ይመልሳል። በ1996 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ቁጥሩ 15 አኃዝ ነው፤ የአገር ምልክት ሲገባበት ፊተኞቹ ሦስቱ አገርን ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያም 231 ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከብቶቹ ተጋፍተው ሲቀርቡ ነው። በዚህ ደረጃ የተሠራው ምልክት፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው፣ ተራ መጠበቅን አያውቅም፤ ኃይል የደረሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይናገራል። ሁለት ምልክቶች እኩል ከቀረቡ ማንበቢያው አንዱንም አይለይም፤ ይህስ ቀላል ነው፣ ሠራተኛው ደግሞ ይሞክራል። የሚያሠጋው አንደኛው በጣም ቀርቦ የሌላውን ድምፅ ሲውጥ ነው፤ መሣሪያው ትክክለኛ ቁጥር ያሳያል፣ መርፌው ግን በጎኑ ላለው ወይፈን ይገባል፤ መዝገቡም ስሕተቱን አይናገርም። እንግዲህ ማንበቢያ የሚገዛ ወረዳ አስቀድሞ ከብት አንድ በአንድ የሚያልፍበትን ጠባብ መተላለፊያ ከጠንካራ እንጨት ያሠራ፤ በእኛ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ ይህ ይቀድማል።

ሌላ ዓይነት አለ፤ ከ860 እስከ 960 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ የሚሠራው ነው። ይህኛው ዕጣ ያወጣል። ማንበቢያው «ስምንት ተራ አለ» ሲል እያንዳንዱ ምልክት በራሱ አንድ ተራ ይመርጣል፤ ብቻውን የወጣው ይሰማና ዝም ይላል፤ የተጋጩት እንደ ገና ዕጣ ይጥላሉ። ስምንት ከብት ለስምንት ተራ ቢቀርብ በፊተኛው ዙር በአማካይ የሚለዩት ሦስት ያህል ናቸው፤ ነገር ግን ዙሩ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ ሁሉም በቅጽበት ያልቃሉ። የዕጣው ሐሳብ በ1971 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረው፣ አሎሃ ከሚባለው የራዲዮ መገናኛ የመጣ ነው። ጉድለቱ፣ ይህ ሞገድ በውኃና በሥጋ ይዋጣል፤ ጆሮው ከሌላ ከብት አንገት በስተኋላ ከተሸሸገ ምልክቱ ኃይል አያገኝም፣ በዕጣውም አይገባም። ስለዚህ የተነበበውን ቁጥር በእጅ ከተቈጠረው ከብት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከቆዳ በታች የሚቀበርና ከቁጥሩ ጋር የሰውነትን ሙቀት የሚናገርም አለ። ትኩሳት ግን የብዙ በሽታ ምልክት ነው፤ ገንዲ መሆኑ የሚታወቀው ደሙ በማጉያ መነጽር ሲታይ ነውና፣ ትኩስ ሆኖ የተገኘው ከብት ደሙ ተወስዶ በአሶሳ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ። በብልቃጡም ላይ የጆሮው ቁጥር 15ቱም አኃዝ ይጻፍ። ምልክቱ በእሾህ ተነቅሎ የወደቀበት ከብት አዲስ ሲደረግለት፣ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ጎን በዚያው መስመር ይመዝገብ።