የዘመሮ ሌሊትና የኮምፒውተሩ ትንፋሽ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፣ ዘመሮ ከተማ ላይ ሌሊቱ ሲገፋ ትልልቅ ከተሞች በገንዘብ የማያገኙት ሀብት ይወርዳል፤ ያልተበረዘ ጸጥታ። ውርጩ ሰውንም ከብትንም ወደ ቤት ሰብስቦ ደጁን ባዶ ያደርገዋል። በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ያለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ ቀን በጫጫታ ተውጦ የነበረው ትንፋሹ ክር በክር ይለያል፦ የማራገቢያው ሽውታ፣ የሃርድ ዲስኩ ስስ ፉጨት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የኬዙ የጎን ቆርቆሮ የሚያሰማው እጅግ ለስላሳ ንዝረት።

የኬዝ ድምፅ የሚለካ ሰው ከመሣሪያው አስቀድሞ የሚፈልገው ይህንን ጸጥታ ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ አይደመርም፤ እኩል የሚጮኹ ሁለት ማራገቢያዎች አብረው ሲዞሩ ቁጥሩ በ3 ብቻ ከፍ ይላል፣ በ10 ሲጨምር ግን ጆሮ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። የአካባቢው ድምፅ ከኮምፒውተሩ በ10 ዴሲቤል ካነሰ ስሕተቱ ግማሽ ዴሲቤል አይሞላም፤ ልዩነቱ ከጠበበ ግን የምናነበው የኬዙን ሳይሆን የመንደሩን ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጄኔሬተርና በሚኒባስ መካከል፣ ጥሩ ኬዝ ከመጥፎው የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። ኢሶ 7779 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ማይክሮፎኑን ከማሽኑ 1 ሜትር ርቀት፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ያቆመዋል፤ የክፍሉንም ጠባይ በጥንቃቄ ይደነግጋል። በአሜሪካዋ ሬድመንድ ከተማ የሚገኘው የማይክሮሶፍት ጸጥተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ከዜሮ በታች 20.35 ዴሲቤል ተመዝግቦለት የጊነስን ክብር አግኝቷል። ያ ክፍል በኮንክሪትና በስፖንጅ የተገነባ ድንቅ ሥራ ነው። የዘመሮ ሌሊት እዚያ አይደርስም፤ ለጆሮ የሚሰጠው ክብር ግን የዚያው ወገን ነው።

የደጋው ከፍታ ራሱ ሌላ ፈተና ይዞ ይመጣል፤ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ውበት ያለውም እዚህ ላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት በሲሶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት፤ የማራገቢያ ድምፅ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በኃይል ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 15 ዴሲቤል ይጨምራል። ሲሰላ የደጋው ፍጥነት 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፣ የሳሳው አየር 2 ወይም 3ቱን መልሶ ይቀንሳል፣ ቀሪው 4 ያህል ትርፍ ድምፅ ነው። ቄሮ በተባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው የመንዝ ጓሳ አምባ ከ3,200 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ብዙ የሃርድ ዲስክ አምራቾች ደግሞ ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,048 ሜትር ነው፤ ምክንያቱም የዲስኩ ማንበቢያ ራስ በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። በአንጻሩ ውርጩ ባለውለታ ነው። ፍጥነቱን በሙቀት የሚመራ ማራገቢያ በብርዱ ሌሊት ዝግ ብሎ ይዞራል፤ ከፍታው የነሳውን ብርዱ በከፊል ይመልሰዋል።

ስለዚህ የደጋ ሰው ኬዝ ሲመርጥ እንደ ጥሩ ጋቢ ቢዳስሰው ይገባዋል። የጎን ቆርቆሮውን በጣት አንኳኩ፤ ወፍራሙ ደፈን ብሎ ይመልሳል፣ ስሱ እንደ ጣሳ ያስተጋባል። ማራገቢያው 140 ሚሊሜትር ሆኖ ዝግ ብሎ ሲዞር፣ ትንሹ ፈጥኖ የሚያወጣውን አየር በትሑት ድምፅ ያወጣል። ሃርድ ዲስኩ በጎማ ላይ ሲቀመጥ ንዝረቱ ወደ ብረቱ እምብዛም አይተላለፍም። የስዊድኑ ኩባንያ ፍራክታል ዲዛይን፣ ዲፋይን በተባሉ ኬዞቹ የውስጥ ግድግዳውን ድምፅ በሚያፍን ንጣፍ ይለብጣል፤ ከውጭ የሚታየው ግን ቀጥ ያለ፣ ጌጥ ያልበዛበት መስመር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋነት በጌጥ አይገዛም።

መንዝ የራሱ ንጣፍ አለው። ከበጉ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመነው ከባዱ ባና ድምፅን በመዋጥ የታደለ ነው፤ በጠጉሩ መካከል የታሰረው አየር የሹል ድምፆችን ጉልበት ይበላል። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳ የማራገቢያውን ሽውታ እየመለሰ ያበዛዋል፤ ከማሽኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ ባና ግን ያንን ማስተጋባት ያለሰልሰዋል። ማሽኑን ራሱን ማልበስ ግን በፍጹም አይገባም፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ማራገቢያውም ይበረታል። ከባናው በፊትና በኋላ መለካት፣ ማይክሮፎኑን ሳያንቀሳቅሱ፣ ማሽኑን ተመሳሳይ ሥራ ላይ አድርጎ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሞቅ ከተዉት በኋላ፤ ጥበቡ በዚህ ትዕግሥት ውስጥ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ባዶውን ክፍል ለማንበብ። የመለኪያው ቁጥር ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ይወርዳል፣ እጅ ወደ እርሳሱ ይሄዳል፤ ልክ በዚያ ቅጽበት ከቤተ ክርስቲያኑ የሌሊቱ ደወል ይደወላል፣ ቁጥሩም ሽቅብ ይወጣል። እርሳሱን አስቀምጦ፣ ባናውን ትከሻ ላይ ጥሎ፣ ደወሉ እስኪያበቃ መጠበቅ ነው።